ጀርባዬን ሰጥቼ የከፈትኩት ንግግር

ይህን ታሪክ ሳነሳ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ብዙ ዓመት አልፎታል። የሚያውቁኝ ሰዎች «አሁንማ በርዶልሽ ይሆናል» ይሉኛል። አልበረደልኝም። እንዲበርድልኝም አልፈልግም። የምነግራችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ስለተናገርኩበት ቀን ነው። ንዴቱን ቀንሼ ብነግራችሁ ግን ታሪኩ የእኔ አይሆንም፤ ስለዚህ ታገሱኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ዛሬ የምታዩት የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ሁሉ ያኔ አልነበረም። «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስምም አልወጣለትም። እኔ ጽጌ እባላለሁ፤ እዚያው ጎዳና ላይ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ እተኩስ ነበር። ሃያዎቹን ያጋመስኩ፣ ዝምተኛ ሴት ነበርኩ። ዝምተኛ ስላችሁ ጨዋ ማለቴ አይደለም፤ ፈሪ ማለቴ ነው። ተማሪ ቤት መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ እርሳስ እንደወደቀበት ሰው ዴስክ ሥር የምገባ ልጅ ነበርኩ። በሱዳን በኩል ወጥተን ካርቱም ለቃለ መጠይቅ ስንቀርብ እንኳ ስለ እኔ የተናገረው ታላቅ ወንድሜ መስፍን ነው። ፓልምስ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን መኖር ከጀመርንም በኋላ ስልክ የሚያነሳው እሱ፣ ከአከራያችን ጋር የሚከራከረው እሱ ነበር። እኔ ከጀርባው ቆሜ ያደግሁ ሰው ነኝ።

መስፍን ታክሲ ይነዳ ነበር። ረዥም፣ ተጫዋች፣ ፖለቲካ ከተነሳ ደግሞ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ነው። ያኔ የእጅ ስልክ የሚባል ነገር የለም። የታክሲ ነጂ ተሳፋሪ የሚያገኘው መኪናው ውስጥ ባለው ራዲዮ ነው፤ ክፉ ሲገጥመውም የሚጮኸው በዚያው ራዲዮ ነው። የሚሠራበት ኩባንያ ደህና ደህናውን መኪና ለነባሮቹ፣ ያረጀውን ለአዲስ መጤዎቹ ይሰጥ ነበር። መስፍን «ይሄ የእኔ ራዲዮ እንደ እንቢተኛ በቅሎ ነው፤ ካልደበደቡት አይሄድም» እያለ ያስቀን ነበር። እንዲጠግኑለት ነጂዎቹን ለሚያሰማራው ዲስፓቸር ስንት ጊዜ ነግሮታል። «ኦኬ፣ ኦኬ» ይሉታል፤ በዚያው ይቀራል።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ሁለት ጎረምሶች አሳፍሮ ሲሄድ ጭር ወዳለ መንገድ አስገቡት። ከኋላ ሆነው በጩቤ ጀርባውን ወጉት። ያለችውን ሳንቲም ወስደው ሮጡ። መስፍን ራዲዮውን አንስቶ ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። ማንም አልመለሰም። በመጨረሻ ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት ሴት አይታው ፖሊስ ጠራች። ሕይወቱ ተረፈች፤ እግሮቹ ግን አልተረፉም። ሐኪሙ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አቁሞኝ ቀስ ብሎ ሲያስረዳኝ እንግሊዝኛው ሁሉ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ነገሩ እርግጥ እንዳይሆንብኝ ብዬ «ምን አሉኝ?» እያልኩ ደጋግሜ አስደገምኩት።

እስከዚህ ድረስ ያዘንኩት ሐዘን ነው። ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መስፍን ሆስፒታል ከተኛ ሰነባብቷል። ከሥራ ወጥቼ ወደ ሎንግ ቢች ከመሄዴ በፊት ሽሮ በፔርሙስ ልይዝለት ጋሼ ደምሴ ምግብ ቤት ጎራ አልኩ። ጋሼ ደምሴ አዲስ አበባ ስመ ጥር ጠበቃ የነበሩ፣ እዚህ መጥተው ፌርፋክስ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት የከፈቱ ሽማግሌ ናቸው። የታክሲ ነጂዎቹ ሁሉ ምሳቸውን እዚያ ይበላሉ። ስገባ ወሬ ቆመ። የመስፍን የቅርብ ጓደኛ የሆነው ወርቁ አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን ይገፋል።

«ምነው?» አልኩ።

«ጽጌ፣ አልሰማሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

ወርቁ ጋሼ ደምሴን አየ፤ እሳቸው «ንገራት» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ የዲስፓቸሩ ቢሮ መስኮት ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል» አለ።

«ስለ ምን? ንገረኝ እንጂ!»

«እ… ስለ መስፍን ነው። ራዲዮውን ራሱ ነው ያጠፋው ይላል። ሒሳቡን ሜትሩ ላይ ሳያስቆጥር ሰው ጭኖ የኩባንያውን ገንዘብ ለመስረቅ ብሎ። ሌሎቻችሁም ከእሱ ተማሩ ይላል።»

«ሌባ ነው ብለው ነው የጻፉት? ቃሉን ጽፈውታል?»

«ጽፈውታል።»

ሰውነቴ ከግንባሬ እስከ እግሬ ሲግል ታወቀኝ። ወንድሜ አልጋ ላይ ተጋድሞ ነርሶች እንደ ሕፃን ያገላብጡታል፤ እነሱ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መስኮት ላይ ሌባ ብለው ሰቅለውታል።

«ራዲዮው እንደማይሠራ አንተ አታውቅም?» አልኩት ወርቁን።

«አውቃለሁ። የእኔም አይሠራም። ግማሻችን እንደዚሁ ነን።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«ጽጌዬ፣ የጥገኝነት ጉዳዬ፣ አሳይለሙ፣ ገና አልተወሰነም። መኪናውን ነጥቀው ሥራ የለውም ቢሉኝ… ይገባሻል አይደል?»

ይገባኛል። የሚያናድደኝም መግባቱ ነበር። ሌሎቹን አየኋቸው። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ እንጀራውን ይጠቀልላል። ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠው ሐጎስ ጋዜጣውን አጠፈና ሒሳቡን ከፍሎ ሳያየኝ ወጣ። ሐጎስና መስፍን በተማሪነት ዘመናቸው የሁለት ተፋላሚ ድርጅቶች ደጋፊ ነበሩ፤ እዚሁ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ተሳድበው ሊደባደቡ ሲሉ ተገላግለው ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አይለዋወጡም። «ደስ ብሎት ይሆናል» ብዬ በልቤ ረገምኩት።

ጋሼ ደምሴ ፔርሙሱን ሞልተው ሲያቀብሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ኩባንያው ዓመታዊ ስብሰባ አለው። ነጂው መምጣት ካልቻለ ቤተሰቡ ሊናገርለት ይችላል፤ ደንባቸውን ጠይቄያለሁ።»

«ማን ነው የሚናገረው?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ? ጋሼ፣ እያሾፉብኝ ነው?»

«በዚህ ዕድሜዬ ላሹፍ? ሌላ ማን አለው?»

ሌላ ማንም አልነበረውም።

በዚያ ሳምንት ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ምግብ ቤቱ ጸጥ ሲል እየሄድኩ ጋሼ ደምሴ ያለማምዱኝ ጀመር። «የንግግር ነፍሱ መግቢያው ላይ ነው» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «በመጀመሪያው ቃል ያልያዝሽው ሰው ኋላ ብትጮኺም አይመለስልሽም። አካሉ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ልቡ ከቤት ወጥቷል። የኔ አያት በላ ልበልሃ እያሉ ከሚሟገቱት አንዱ ነበሩ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ሲቆሙ ገበያው ጸጥ ይል ነበር አሉ።»

«እኔ ኩታም ዘንግም የለኝ።»

«አንቺማ አሜሪካ ነሽ። አሜሪካ በምስጋና ነው የሚከፈተው።»

እናም መግቢያዬን በእንግሊዝኛ አዘጋጁልኝ። የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ የሚል ነው።

«ስለ ምኑ ነው የማመሰግናቸው?» አልኳቸው።

«ለዘዴ ነው ልጄ፣ ለዘዴ። መጀመሪያ ልባቸውን ታለሰልሻለሽ፣ ከዚያ ጉዳይሽን ታስገቢያለሽ።»

ምን ላድርግ? ሸሚዝ እየተኮስኩ አጠናሁት። «ከልብ አመሰግናለሁ» የምትለው ላይ ስደርስ ካውያውን ሳላውቀው እጫነዋለሁ። የአንድ ደንበኛ አንገትጌ አቃጥዬ ተቆጥተውኛል።

ከስብሰባው በፊት ለመስፍን ነገርኩት። ማስታወቂያውን ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን ሌላ ሰው ቀድሞ አውርቶለት ኖሯል። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተኝቷል።

«ስሜን ተናገርኩ፣ የመኪናዬን ቁጥር ተናገርኩ፣ ያለሁበትን መንገድ ተናገርኩ» አለኝ። «ደም አፌ ውስጥ እየገባ ነው የምናገረው። ኮሽታ እንኳ አልመለሰልኝም፣ ጽጌ።»

«ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ?» ዞሮ አየኝና ሳቀ። «ለአከራያችን ‹ሄሎ› ማለት የሚጨንቅሽ ሴትዮ?»

ሳቁ ክፋት የለውም፤ የወንድም ሳቅ ነው። ግን እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ድረስ ተከተለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ስብሰባው ሚራክል ማይል ሰፈር፣ ዊልሸር ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጋሼ ደምሴ ከረቫታቸውን አስረው አጅበውኝ መጡ። አዳራሹ በታክሲ ነጂዎች ሞልቷል። አርመኑ፣ ናይጄሪያዊው፣ ሩሲያዊው፣ የመካከለኛው አሜሪካ ሰው፣ ሁሉም አለ። የእኛ ልጆች ኋላ፣ ግራ በኩል ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወርቁ ሲያየኝ እጁን ከፍ አድርጎ ቶሎ መለሰው። ሐጎስ ብቻውን ከዳር ነበር።

መድረኩ ላይ የቦርዱ አባላት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። መሐል ሰብሳቢው፣ ሸበቶ፣ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አለ። ከጎኑ ያለው ወፍራም ሰው ብርቱካን ይልጣል። አንዲት ሴት ወረቀት ትፈርማለች። ሪፖርት ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ ምርጫ ተደረገ። በስተመጨረሻ፣ ሰዉ ቡና ቡና ማለት ሲጀምር፣ «የነጂዎች አስተያየት» ተባለ። ማይክሮፎኑ ከመድረኩ በታች፣ ለእነሱ አንጋጦ የሚናገር ሰው እንዲቆምበት ተደርጎ ተተክሏል።

ከእኔ በፊት አንድ ሽማግሌ አርመን ቀረበ። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ «ይህን ዕድል ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን» ብሎ ጀመረ። የእኔው መግቢያ ነው፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ወደ መድረኩ አየሁ። አንድም ሰው ቀና አላለም። ወፍራሙ ሰውዬ የብርቱካኑን ልጣጭ ሳይቆርጥ እስከ መጨረሻው ለማውጣት ይጠነቀቃል። ሽማግሌው ስለ ፍሬን ነበር የሚያወራው፤ መኪናው ፍሬኑ አልያዝ ብሎት ሰው ሊገድል ነበር። ሰብሳቢው «ቴንክ ዩ፤ ኔክስት» አለ። ቀጥሎ ወጣት ናይጄሪያዊ መጣና በቀልድ ከፈተ። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እነዚያ ግን ቀልድ መነገሩንም አላወቁም። «ቴንክ ዩ፤ ኔክስት።»

መግቢያዬ ገና ሳልናገረው ዓይኔ እያየ ሞተ።

ስሜ ተጠራ፤ አጣመው ጠሩት። ጋሼ ደምሴ ክርኔን ነካ አድርገው «በርቺ፣ ምስጋናዋን አትርሺ» አሉኝ። ተነሳሁ። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሜ «የተከበራችሁ…» ልል አፌን ስከፍት ወፍራሙ ሰውዬ ወደ ሰብሳቢው ጠጋ አለ። የሚያንሾካሹክ መስሎታል፤ ፊቱ ያለው ማይክሮፎን ግን አልተዘጋም። ድምፁ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ።

«ራዲዮውን አጥፍቶ ሲሰርቅ የተወጋው የዚያኛው ሰው ዘመድ ናት?»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «አዎ፤ ቶሎ እንጨርስላት።»

በዚያች ደቂቃ ውስጤ ምን እንደሆነ በቃል ማስረዳት አልችልም። ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ የዋጥኩት ነገር ሁሉ፣ ካርቱም ያቀረቀርኩት፣ ላውንደሪው ውስጥ ስሰደብ ዝም ያልኩት፣ ኮሪደር ላይ «ምን አሉኝ?» ያልኩት፣ በአንድ ላይ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ። ምስጋና? እነዚህን?

ማይክሮፎኑን ከነመቆሚያው አንስቼ አዞርኩት። ለመድረኩ ጀርባዬን ሰጠሁ። አዳራሹን ፊት ለፊት አየሁ። እናም በአማርኛ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ እንዲህ አልኩ።

«ወንድሞቼ! እነዚህ ሰዎች አይሰሙንም፤ ስለዚህ የምናገረው ለእናንተ ነው። መስፍን ሌባ ተብሏል። ራዲዮው ደህና የሚሠራለት ሰው ካለ ተቀምጦ ይቅር። ራዲዮው የሞተበት፣ ጠርቶ ማንም ያልመለሰለት ግን ይነሳ!»

ፈረንጁ፣ አርመኑ፣ ሁሉም በማያውቀው ቋንቋ የምትጮኽ ሴት አፍጥጦ ያያል። የእኛ ልጆች ግን ሰምተውኛል። አንድም ሰው አልተነሳም። ወርቁን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ከኋላዬ ሰብሳቢው በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ እመቤት፣ ወደዚህ ዙሪ» ይላል። አልዞርኩም። እንዳልዞር ያደረገኝ ጀግንነት አይደለም፤ ብዞር የማለቅስ ስለመሰለኝ ነው። ያን ያህል የረዘመ ዝምታ ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

ከዳር አንድ ወንበር ጮኸ። ሐጎስ ተነሳ።

እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎ ቆመ። ወደ እኔም አላየም። በቀጥታ መድረኩን ነው የሚያየው። እሱን አይቶ ከጎኑ ያለው ልጅ ተነሳ። ከዚያ ሌላው። ወንበር በወንበር ላይ ይጮኽ ጀመር። ወርቁ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ከኋለኞቹ ጋር ተነሳ፤ ግን ተነሳ። ያ ሽማግሌ አርመን ግራ ገብቶት ሐጎስን በእንግሊዝኛ «ምን ነው ያለችው?» ሲለው ሐጎስ ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ መለሰለት።

«ራዲዮህ ከሞተ ቁም ነው ያለችው!»

ሽማግሌው ኮፍያውን ራሱ ላይ ደፋና ቆመ። ናይጄሪያዊው ቆመ። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልቻልኩም። ከአዳራሹ ግማሽ የሚሆነው ሰው ቆሟል።

ያኔ ወደ መድረኩ ዞርኩ። ሁሉም ቀና ብለዋል። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። ብርቱካኑ ሰውዬው እጅ ላይ እንደተላጠ ቀርቷል። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን እያንዳንዱን ቃል አስታውሰዋለሁ።

«እነዚህ የቆሙት ነጂዎቻችሁ ናቸው፤ ራዲዮአቸው የሞተ ነው። የወንድሜ የመስፍን ራዲዮም የሞተ ነበር። ነግሯችኋል። ደም እየፈሰሰው እናንተን ጠራ፤ አልሰማችሁትም። መስፍን ዛሬ እዚህ የለም። ቢመጣም አይቆምም፤ መቆም አይችልም። ስለዚህ እኔ ቆሜለታለሁ። ሌባ ያላችሁትን ወረቀት ከመስኮቱ ላይ እስክታነሱ አልቀመጥም።»

«እመቤት፣ ስብሰባው ሥነ ሥርዓት አለው፤ እባክሽ ተቀመጪ» አለ ሰብሳቢው።

«አልቀመጥም።»

«እኔም አልቀመጥም» አለ ሽማግሌው አርመን ከኋላ።

ማንም አልተቀመጠም። ጋሼ ደምሴ እንኳ፣ ታክሲ ነድተው የማያውቁት ሰውዬ፣ ከረቫታቸውን እያስተካከሉ ቆመዋል።

ቦርዱ ለምክክር ብሎ ወጣ። ሲመለሱ ሰብሳቢው መኪኖቹ ሁሉ ይመረመራሉ፣ ማስታወቂያውም ይነሳል አለ። ማስታወቂያው በሳምንቱ መጀመሪያ ተነሳ። ራዲዮዎቹም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተቀየሩ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። መጀመሪያ የተነሳው ሐጎስ ብዙም ሳይቆይ በሰበብ አስባቡ የሥራ ተራውን ተነጥቆ ሥራውን ለቀቀ። ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ዕቃ ማውረድ ጀመረ። ይህን ታሪክ ሳነሳ ጥርሴን የምነክሰው ለዚህም ነው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ለመስፍን ሄጄ ነገርኩት። ይደሰታል ብዬ ነበር። ተቆጣኝ።

«መቆም አይችልም ብለሽ ነገርሻቸው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ታዲያ ውሸት ነው?»

«እውነት መሆኑን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?» ብሎ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበው። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ቆይቶ ከብርድ ልብሱ ሥር «ማን ነው ቀድሞ የተነሳው?» አለ።

«ሐጎስ።»

ብርድ ልብሱን ገለጠው። «የትኛው ሐጎስ?»

«የምታውቀው ሐጎስ።»

ዓይኖቹ ሞልተው እስኪፈሱ ድረስ ጣሪያውን እያየ ቆየ። ሐጎስ በሌላ ሳምንት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ሰላምታቸው አጭር ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ያንኑ የድሮ ፖለቲካቸውን አነሱና መጯጯህ ጀመሩ፤ መስፍን የአልጋውን ብረት ይደበድባል። ነርሷ «ምን ሆናችሁ?» ብላ ሮጣ ገባች። «ጓደኛሞች ናቸው» አልኳት። ሐጎስ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አልቀረም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን እኔን ሌላ ሰው አደረገኝ ብትሉ ጨርሶ ስህተት አይሆንም። በዚያው ዓመት የማታ ትምህርት ጀመርኩ። ኋላም የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆንኩ፤ የዝምተኛዋ ጽጌ እንጀራ የሌሎችን ቃል መናገር ሆነ። መስፍን ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ እስከ ዛሬ ስልኩን ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ግን አከራዩን አሁን እኔ ነኝ የማነጋግረው።

ወጣቶች ንግግር ሊያደርጉ ሲሉ «እትዬ ጽጌ፣ በምን ልክፈተው?» ብለው ይጠይቁኛል። በቀልድ ነው? በጥቅስ ነው? በጥያቄ ነው? ሁሉም ይሆናል፤ ቀልድም ጥሩ ነው፣ ምስጋናም ክፉ አይደለም፤ ጋሼ ደምሴ ነፍሳቸውን ይማርና አልተሳሳቱም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመናገርህ በፊት አዳራሹን በደንብ እየው። የሚሰማህ ሰው ሁልጊዜ ከፍ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠው አይደለም። ንግግርህን ለማን እንደምትከፍት ስታውቅ ቃሉ ራሱ ይመጣል። ካልመጣም ዝም ብለህ ቁም፤ ዝምታም ከውሸት ምስጋና ይሻላል።

ይህን ስላችሁ ግን ሰውን ጸጥ ማሰኘት ትልቅ ነገር ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ሊፍት እየጠበቅሁ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አፍጥጦ አየኝ። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ተራ ዜጎች ፍርድ ለሚሰጡበት የጁሪ ሸንጎ ተጠርቶ መምጣቱን የሚያሳይ ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፏል። እኔ ቀድሜ አወቅሁት። ያ ሰብሳቢ ነው።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ያቺ ጀርባዋን የሰጠችን?» አለ፤ ፊቱ በደስታ በራ። «እንዴት ያለ መግቢያ ነበር! ለስንት ሰው አውርቼዋለሁ መሰለሽ። ለልጆቼ እንኳ ‹ንግግር እንደዚህ ነው የሚጀመረው› እላቸዋለሁ። የት ተማርሽው?»

የሊፍቱን ቁልፍ እንደገና ተጫንኩ።

«ባለቤትሽ እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«ባለቤቴ አይደለም። ወንድሜ ነው።»

«አዎ፣ አዎ፣ ወንድምሽ። ስሙ ማን ነበር?»

ያ ሁሉ ንዴት፣ በርዷል የሚሉኝ ንዴት፣ ከእግሬ ሥር ተነሳ። መግቢያዬን ለልጆቹ አውርሷል፤ የሰውዬውን ስም ግን አያውቀውም። ማይክሮፎን አልነበረኝም፤ ያስፈልገኝም አልነበረ።

«መስፍን» አልኩት።

«መስፊን።»

«አይደለም። መስፍን።»

«መስፍን» አለ ቀስ ብሎ። ሊፍቱ መጥቶ በሩ ተከፈተ። ሊገባ ሲል እጄን በሩ ላይ አድርጌ አቆምኩት።

«አንድ ጊዜ ድገመው» አልኩት።

ደገመው። በሩን ለቀቅሁለት።